በ1990ዎቹ ከተዘነጉት የብሪታንያ ኢንዲና ፐንክ አልበሞች ከየትኞቹ ልጀምር?

የሐይቅ ዳር አድማጭ (ሀዋሳ)፦

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሁሉ። የምኖረው ሀዋሳ ሲሆን፣ የ1990ዎቹን የብሪታንያ ሙዚቃ የማውቀው እንደ አብዛኛው ሰው በኦኤሲስ፣ በብለርና በሬዲዮሄድ በኩል ነው (ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በቅርቡ አንድ አልበም አዳምጬ ስጨርስ ስልኬ በራሱ ቀጥሎ ያጫወተው ዘ ፊልድ ማይስ የተባለ ባንድ በ1991 ያወጣውን «ፎር ኪፕስ» የተሰኘ አልበም ነበር። ዝግ ያለ ድምፅ፣ ጥርት ያለ ጊታርና ብዙ ባዶ ቦታ ያለው፣ አድማጩን ለማስደነቅ የማይቸኩል ሥራ ሆኖ አገኘሁት። በከተማችን ሙዚቃ ያውቃሉ የሚባሉ ሰዎችን ብጠይቅም የባንዱን ስም ሰምቶ የሚያውቅ አላጋጠመኝም።

ከዚያ በኋላ «የተዘነጉ አልበሞች» የሚሉ ዝርዝሮችን ማንበብ ጀመርኩ። ዝርዝሮቹ ረዣዥም ከመሆናቸው በቀር አንዱን ባንድ ከሌላው የሚያገናኘው ምን እንደሆነ አያስረዱም፤ መቶ ስም ተደርድሮ ለሁሉም «ድንቅ» የሚል ቃል ከተሰጠ ደግሞ ለአንዳቸውም አልተሰጠም ማለት ነው። ስለዚህ እነዚህ ሥራዎች ጎልተው ሳይወጡ የቀሩት ደካማ ስለነበሩ ነው ወይስ ገበያው ስላላደረሳቸው የሚለውን እንድታስረዱኝ እለምናለሁ። ለስለስ ያለውን ኢንዲና ኃይለኛውን ፐንክ አንድ ላይ ልከታተል ወይስ ለየብቻ ልያዛቸው የሚለውም ግልጽ አልሆነልኝም። የሞባይል ዳታ ዋጋ የታወቀ ስለሆነ ያገኙትን ሁሉ እየከፈቱ መሞከር አያዋጣም፤ ጥቂት፣ ግን የተመረጡ ሥራዎችን ብትጠቁሙኝ ይበቃኛል።

የድሮ ካሴት ቤት (ሀዋሳ)፦

ጥያቄዎን በደስታ አንብቤዋለሁ። ረዥም ዘመን ካሴት በመሸጥ ያሳለፍኩ ሰው በመሆኔ ከንግዱ በኩል እጀምራለሁ፤ አንድ አልበም የሚታወሰው ወይም የሚዘነጋው በተቀረጸበት ስቱዲዮ ብቻ ሳይሆን፣ ከስቱዲዮው እስከ ሱቁ መደርደሪያ ባለው መንገድ ላይ ጭምር ነውና።

በብሪታንያ ከ1980 ጀምሮ የኢንዲ (የነፃ አሳታሚዎች) የሽያጭ ሰንጠረዥ ይወጣ ነበር። ወደ ሰንጠረዡ ለመግባት መስፈርቱ የሙዚቃው ዓይነት አልነበረም፤ ሸክላው የትላልቆቹ ኩባንያዎች ባልሆነ አከፋፋይ በኩል መሰራጨቱ ነበር። ይህ የሥርጭት መረብ የራፍ ትሬድ ማከፋፈያ በ1991 ሲወድቅ ክፉኛ ተናጋ፤ በርካታ ትናንሽ አሳታሚዎችም የሸጡበትን ገንዘብ በወቅቱ ሳያገኙ ቀሩ። በቀጣዩ ዓመት ከነፃዎቹ አሳታሚዎች ሁሉ ስመ ጥር የነበረው ክሪየሽን ግማሽ የሚጠጋ ድርሻውን ለሶኒ ሸጠ። ከዚያ በኋላ «ኢንዲ» ተብለው በየቴሌቪዥኑ የታዩት ባንዶች ብዙዎቹ ከበስተጀርባቸው የትልቅ ኩባንያ ገንዘብና ማስታወቂያ ነበራቸው፤ ያልነበራቸው ደግሞ ሥራቸው ምንም ያህል ቢያምር ከሱቅ መደርደሪያ የሚወርዱት ከፊተኞቹ ቀድመው ነበር።

አንድ ወር ብቻ ወስጄ ላሳይዎት። በኦገስት 1995 ብለርና ኦኤሲስ ነጠላ ዜማዎቻቸውን በአንድ ቀን አወጡና የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር እስከ ዋናው የቴሌቪዥን ዜና ደረሰ፤ ብለር 274,000፣ ኦኤሲስ 216,000 ያህል ሸጠው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ያዙ። በዚያው ወር በ28ኛው ቀን ብሪስቶል ከተማ የነበረው ሳራ ሬከርድስ የተባለ ነፃ አሳታሚ 100ኛ ሥራውን አወጣና በገዛ ፈቃዱ ተዘጋ። አልከሰረም፤ መቶ ሲሞላ ማቆም ስለፈለገ ብቻ አቆመ። መዘጋቱን ገንዘብ ከፍሎ በሙዚቃ ጋዜጦች አሳወጀ፣ ወደብ ላይ በቆመ መርከብ ውስጥም የስንብት ድግስ ደገሰ። እርስዎ በአጋጣሚ ያገኙት ዘ ፊልድ ማይስ የዚህ ቤት ልጅ ነው።

ሳራን በ1987 የመሠረቱት ክሌር ዋድና ማት ሄይንስ ናቸው። ሁለቱም ከዚያ በፊት በፎቶ ኮፒ የሚባዙ የአድማጭ መጽሔቶችን ያዘጋጁ ነበር። በዘመኑ ኩባንያዎች አንድን ዜማ በሁለት የተለያዩ ሲዲዎች ላይ ከተለያዩ ተጨማሪ ዘፈኖች ጋር እያወጡ ታማኙ አድማጭ ሁለት ጊዜ እንዲገዛ ያደርጉ ነበር፤ በሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ከፍ የሚያደርገውም ይኸው ነበር። ዋድና ሄይንስ ይህን አሠራር አድማጭን መዝረፍ ነው ብለው ስላመኑ ትንሿን ባለ ሰባት ኢንች ሸክላ መረጡ። በዚህ ውሳኔያቸው ከሰንጠረዡ ራሳቸውን እንዳገለሉ ያውቁ ነበር። የዘመኑ የሙዚቃ ጋዜጠኞች አብዛኞቹም ስለ ሳራ የሚጽፉት በንቀት ነበር፤ ለስለስ ማለትን እንደ ድክመት፣ ሴት ልጅ አሳታሚ መሆኗንም እንደ ቀልድ የሚያዩ ብዙዎች ነበሩ።

ስለዚህ ምክሬ በባንድ ስም ሳይሆን በአሳታሚው በኩል እንዲሄዱ ነው። አምሃ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸውን ሸክላዎች የሚያውቅ ሰው ከመለያው ብቻ ተነሥቶ ምን ዓይነት ሥራ እንደያዘ መገመት እንደሚችለው ሁሉ፣ ሳራም የራሱ ጆሮ ያለው ቤት ነበር። ከ«ፎር ኪፕስ» ቀጥለው ብሉቦይ በ1994 ያወጣውን «ዩኒሴክስ» ያዳምጡ፤ የናይሎን ክር ጊታርና ቼሎ ተቀናብረው፣ በ2007 ያረፈው ኪት ገርድለር ከሹክሹክታ ብዙም ባልራቀ ድምፅ ይዘፍንበታል። የግላስጎው ልጆች የሆኑት ዘ ኦርኪድስ በዚያው ዓመት ያወጡት በሳራ ቤት የመጨረሻ የሆነው አልበማቸውም የዳንስ ምት ቀላቅሎበታልና «ሳራ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው» ለሚሉ ሰዎች ጥሩ መልስ ነው።

ኢንዲንና ፐንክን ለየብቻ ልያዝ ወይ ላሉት ግን አጭሩ መልሴ ሄቨንሊ ነው። የኦክስፎርዱ ባንድ በ1993 «ፒ.ዩ.ኤን.ኬ. ገርል» በሚል ርዕስ ካወጣቸው ዜማዎች መካከል «ሀርትስ ኤንድ ክሮስስ» የሚለውን በጥሞና ያዳምጡት። ልጃገረድ ወዳጇን እያሰበች የምታንጎራጉረው የሚመስል ቀላልና ደስተኛ ዜማ ሆኖ ይጀምራል፤ ግጥሙ እየቀጠለ ሲሄድ ያ ወዳጅ እንደደፈራት ይነግረናል። ዜማው ግን ደስታውን አይተውም፤ እንዲያውም መካከል ላይ የልጆች መጫወቻ ቦታ የሚያስታውስ ኦርጋን ይገባበታል። ጩኸት ቢኖርበት ኖሮ አድማጩ አስቀድሞ ይዘጋጅ ነበር፤ እዚህ ግን ለመዘጋጀት ጊዜ አያገኝም። ከፐንክ ባንዶች መካከል ይህን ያህል የደፈረ ዘፈን የሠሩት ጥቂቶች ናቸው። ድምፃዊቷ አሚሊያ ፍሌቸር በኋላ የምጣኔ ሀብት ፕሮፌሰር ሆናለች፤ የብሪታንያ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዋና ኢኮኖሚስት ሆናም ሠርታለች። ገበያው ሙዚቃዋን እንዴት እንዳስተናገደው ለሚያውቅ ሰው የሥራ ምርጫዋ አያስገርምም።

ከሳራ ቤት ውጭ አንድ ብቻ ልጨምር። ዲስኮ ኢንፈርኖ የኤሴክስ ልጆች ናቸው። ጊታሩንና ከበሮውን ከሳምፕለር (የተቀረጸ ድምፅ ከሚያጫውት መሣሪያ) ጋር አገናኙና ክሩ ሲመታ ኖታ ብቻ ሳይሆን የተቀረጸ ድምፅ እንዲወጣ አደረጉ። በ1992 ባወጡት «ሰመርስ ላስት ሳውንድ» ላይ ወፎች ይንጫጫሉ፤ በ1994ቱ «ዲ.አይ. ጎ ፖፕ» መክፈቻ ላይ ደግሞ ጊታር እንጠብቅ የነበርንበት ቦታ ውኃ ይንቦጫረቃል። ድምፃዊው ኢያን ክራውስ በዚህ ሁሉ መካከል በተራ የንግግር ድምፅ ስለ ዘረኝነትና ስለ ሥራ አጥነት ይናገራል። በጊዜው የገዛቸው ሰው ጥቂት ነበር፤ ከ1992 እስከ 1994 የወጡት አምስት ኢፒዎቻቸው (ከአልበም ያነሱ፣ ጥቂት ዘፈን የያዙ ሥራዎች) በአንድ ላይ ተሰብስበው ሲታተሙ 2011 ደርሶ ነበር።

ሦስት ኮርድ (አዳማ)፦

ጋሼ ካሴት ቤት ያሉት ስለ ሥርጭቱ ትክክል ነው፤ ሆኖም ፐንኩን በአንድ ዘፈን ብቻ አልፈውታልና እኔ ልሙላበት።

ከዘመኑ የብሪታንያ ፐንክ አንድ አልበም ብቻ ምረጥ ብባል ሳላመነታ የምጠራው ሌዘርፌስ በ1991 ያወጣውን «መሽ» ነው። ባንዱ የመጣው በእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ ከምትገኘው ሰንደርላንድ ነው። የከተማዋ የመርከብ ግንባታ በ1988 አብቅቷል፤ የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ጉድጓዷም በ1993 ተዘግቷል፤ አልበሙ የተሠራው እንግዲህ በሁለቱ መዘጋቶች መካከል ነው። ድምፃዊው ፍራንኪ ስተብስ ሌሊቱን ሙሉ ለቅሶ ቤት ሲያዜም ያደረ ሰው ድምፅ አለው፤ መጀመሪያ የሚሰማው ሰው «ይህስ ዘፋኝ ነው?» ማለቱ አይቀርም። እርስዎ ግን ለጊዜው ድምፁን ይተዉና ጊታሮቹን ይከታተሉ። አንደኛው ጊታር ኮርዱን ሳያቋርጥ ሲገፋ፣ በ2015 ያረፈው ዲኪ ሃሞንድ የሚጫወተው ሁለተኛው በላዩ ላይ የተለየ ዜማ ይዞ ይሄዳል፤ ሻካራው ድምፅ ያንን ዜማ ሊደርስበት እየሞከረ ሳይደርስበት ይቀራል። የአልበሙ ኃይል ያለው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ዘፈን «አይ ዎንት ዘ ሙን»ን ሰምተው ካልወደዱት አልበሙን መተው ይችላሉ፤ ከወደዱት ግን እስከ መጨረሻው የሚያሳዝንዎት ነገር የለም።

ከዚያው አካባቢ ቻይና ድራም በ1996 «ጉስፌር»ን አወጣ፤ ከበሮ መቺው ራሱ ድምፃዊ የሆነበት፣ ዜማው ከፍጥነቱ የማያንስ አልበም ነው። ከደቡብ እንግሊዝ ደግሞ ሜጋ ሲቲ ፎር በ1992 «ሴባስቶፖል ሮድ»ን ሠርተዋል። እነዚህ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቫን ከከተማ ከተማ እየዞሩ የሚጫወቱ ባንዶች ነበሩ። አሜሪካዊው ግሪን ዴይ በ1994 ዓለምን ሲያጥለቀልቅ ዜማ ያለው ፈጣን ፐንክ እንደ አዲስ ግኝት ተወራለት፤ እነዚህ ልጆች ግን ያንኑ ከዓመታት በፊት ጀምሮ በየመጠጥ ቤቱ ሲጫወቱት ነበር።

ሀጊ ቤርንም እንዳይረሱ። በ1993 «ኸር ጃዝ»ን አወጡ፤ በዚያው ዓመት መጀመሪያ በቻናል 4 «ዘ ወርድ» በተባለ ዝግጅት ላይ ይህንኑ ተጫውተው ከጨረሱ በኋላ፣ በዝግጅቱ ላይ ሴቶች የቀረቡበትን መንገድ ጮኸው ስለተቃወሙ ከነጓደኞቻቸው ከስቱዲዮ ተባረሩ። በ1994 ባንዱ ፈረሰ። ቀረጻቸው ሻካራ ነው፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ስለሆነ በስልክ ድምፅ ማጉያ ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በተለየ ሁኔታ የሚሰማን ደግሞ ቻምባዋምባ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በ1997 በብሪታንያ ሰንጠረዥ ሁለተኛ በወጣው «ተብታምፒንግ» ነው። ነገር ግን የሊድስ ከተማ አናርኪስቶች የሆኑት እነዚህ ሰዎች በ1986 ያወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው የላይቭ ኤድን ኮንሰርት የሚተች ነበር፤ ርዕሱ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «የተራቡ ሕፃናት ፎቶ ሸክላ ያሻሽጣል» ይላል። ጉዳዩ በእኛ አቆጣጠር የ1977ቱ ድርቅ ነው። የአልበሙ ክርክር በእርዳታ ላይ አይደለም፤ በረሃብተኛው ሥዕል ታዋቂነታቸውን በሚያድሱና የረሃቡን ፖለቲካዊ ምክንያት በማይጠይቁ ላይ ነው። የ1980ዎቹ ሥራ ስለሆነ ከጥያቄዎ ወሰን ትንሽ ይወጣል፤ ሆኖም በ1992 የወጣውን «ሽሽ»ን እና በ1994 የወጣውን «አናርኪ»ን ከመስማትዎ በፊት ከየት እንደተነሡ ያሳይዎታል። «ሽሽ» ራሱ የተወለደው ከሌላ አልበም ነው፤ የሌሎችን ዘፈኖች ቆርጠው ያስገቡበት ቀዳሚ ሥራቸው የባለመብቶቹን ፈቃድ ስላላገኘ ሳይወጣ ቀረና፣ እነሱም ስለ ሳንሱር አዲስ አልበም ሠሩበት።

ተጠራጣሪው (አዲስ አበባ)፦

ሁለቱንም አስተያየቶች አክብሬ አንድ ነገር ልበል። ሁሉንም መዘንጋት በአከፋፋይና በጋዜጠኛ ላይ መደፍደፍ ፍትሐዊ አይደለም። የዚያን ዘመን ሳጥን ሙሉ ነጠላ ዜማ የሰማ ሰው እንደሚመሰክረው አብዛኛው ሥራ ተራ ነበር፤ ተራ ስለነበረም ተረሳ። የሳራ መቶ ሥራዎች ውስጥ እንኳ ደግሜ የምሰማቸው ሩቡን ያህል ናቸው። «ማንም አያውቀውም» የሚለው ነገር በራሱ ምስጋና እየሆነ ስለመጣ፣ አንዳንድ ሰብሳቢዎች ሸክላውን የሚወዱት ጥቂት ቅጂ ስላለው ብቻ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይሰቀላል። «መሽ»ና «ዲ.አይ. ጎ ፖፕ» ላይ ግን ክርክር የለኝም፤ ሁለቱም በሚሊዮን ቢሸጡም ኖሮ ያው ትልቅ ሥራዎች ነበሩ።

የሻሸመኔ መንገድ (ሀዋሳ)፦

ሦስታችሁም ነጭ ጊታር ብቻ ነው የቆጠራችሁት። ጠያቂያችን የሀዋሳ ሰው ናቸው፤ ሻሸመኔ ደግሞ ደጃችን ናት፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የሬጌ ቤዝ ስንሰማ ስላደግን በዚህ በር መግባቱ ይቀልላቸዋል ብዬ አስባለሁ።

ዳብ ዋር የዌልስ ከተማ ከሆነችው ኒውፖርት የመጡ ናቸው። በ1995 «ፔይን» በሚል ርዕስ ባወጡት አልበም ፐንክን፣ ሜታልንና የዳንስሆል ድምፅን አንድ ላይ አቅርበውታል። ድምፃዊው ቤንጂ ዌብ በአንድ ዘፈን ውስጥ ከሬጌ ዜማ ወደ ጩኸት፣ ከጩኸት ወደ ፈጣን ቶስቲንግ (በምት ላይ ወደሚደረግ ንግግር) ሲሻገር ስፌቱ አይታይም። ያሳተማቸው ኢርኤክ የከባድ ሜታል ቤት ነበር፤ የሜታል አድማጩ ሬጌውን፣ የሬጌ አድማጩ ጊታሩን ስላልፈለገው መሀል ላይ ቀሩ። ሰውዬው በኋላ ስኪንድሬድን መሥርቶ ሰፋ ያለ አድማጭ አግኝቷል፤ የፊተኛውን ባንድ የሚያስታውሱት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ኤዥያን ደብ ፋውንዴሽን የተወለደው በ1993 ለንደን ውስጥ ለደቡብ እስያ ተወላጅ ወጣቶች የሙዚቃ ቴክኖሎጂ ይሰጥ በነበረ ሥልጠና ላይ ነው፤ አስተማሪና ተማሪ ባንድ መሠረቱ ማለት ነው። በ1995 የወጣው «ፋክትስ ኤንድ ፊክሽንስ» በሀገራቸው ብዙም ሳይነገርለት አለፈ፤ ቀጥሎ የመጣውን ሥራቸውን ቀድሞ የተቀበለው የፈረንሳይ አድማጭ ነበር። እንግሊዞቹ የነቁት በ1998 «ራፊስ ሪቬንጅ» መርኩሪ ለተባለው የብሪታንያ የአልበም ሽልማት ሲታጭ ነው። የቤዙ አጨዋወት ሙሉ በሙሉ ደብ (ቤዝና ማሚቶ የሚጎላበት የሬጌ ዓይነት) ነው፤ ጊታሩ ደግሞ ሲታር ለመሆን የሚፈልግ ይመስላል።

ኮርነርሾፕን በ1998 አንደኛ በወጣው የ«ብሪምፉል ኦቭ አሻ» ቅንብር የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ዘፈኑ ለህንዳዊቷ ድምፃዊት ለአሻ ቦስሌ የቀረበ ምስጋና ነው፤ የህንድ ፊልም ስናይ ላደግን ሰዎች ስሟ አዲስ አይደለም። ቴጂንደር ሲንግ የሚመራው ይህ የሌስተር ባንድ ግን ከዚያ በፊት በጣም ሻካራ የፐንክ ባንድ ነበር። በ1992 ድምፃዊው ሞሪሲ በዘረኝነት በተወቀሰ ጊዜ በአሳታሚው በኢኤምአይ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ፎቶውን አቃጥለዋል። እኔ የምመክረው በ1995 የወጣውን «ውማንስ ጋታ ሃቭ ኢት» ነው፤ አንድ ዓይነት ምት ላይ ተደጋግሞ የሚሄድ የፑንጃብኛ ዘፈን ይከፍተዋል፣ ያው ዜማ በሌላ ቅንብር ይዘጋዋል። ሰው የረሳው ይህንን እንጂ ትልቁን ዘፈን አይደለም።

የድሮ ካሴት ቤት (ሀዋሳ)፦

ለተጠራጣሪው ወንድማችን፦ ሩቡ ከጸና ለአንድ አሳታሚ ቤት ከበቂ በላይ ነው፤ በእኛም ሀገር ቢሆን ካሴት በየሳምንቱ ሲወጣ በነበረበት ጊዜ ከሩብ በታች ነበር የሚጸናው።

ለጠያቂያችን ስለማግኛው መንገድ ጥቂት ልበል። ከላይ የተጠቀሱት አብዛኞቹ በየማዳመጫ መተግበሪያው ላይ አሉ፤ የሌሊት ጥቅል ገዝቶ አልበሙን በሙሉ አውርዶ ማስቀመጥ፣ ቀን ደግሞ ያለ ዳታ መስማት ይሻላል። ሄቨንሊን ራሳቸው የባንዱ አባላት ባቋቋሙት ስኬፕ ዋክስ በተባለ አሳታሚ ቤት በኩል እንደገና አሳትመውታል። ከሀገር ውስጥ የባንክ ካርድ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለብዙዎቻችን አስቸጋሪ ስለሆነ ውጭ ያለ ዘመድ ካለ ሲዲውን ገዝቶ እንዲያመጣ መለመን የተለመደ ነው። ያገለገሉ ሲዲዎች ከሸክላ በብዙ ይረክሳሉ።

ሆኖም ከ1988 እስከ 1993 የታተሙ የብሪታንያ ሲዲዎችን ሲገዙ ከመለያው በተቃራኒ ያለውን ገጽ ዘመድዎ በብርሃን አዙሮ እንዲያየው ይንገሩት። በብላክበርን ከተማ የነበረ አንድ ፋብሪካ በዚያ ጊዜ ያተማቸው ዲስኮች የመከላከያ ቅባታቸው ደካማ ስለነበረ፣ ከወረቀት ሽፋኑ የሚወጣው ድኝ የብሩን ንጣፍ እየበላው መጥቷል። የተጎዳው ዲስክ ከጠርዙ ጀምሮ ወደ መዳብ ቀለም ይለወጣል፤ መጨረሻዎቹ ዘፈኖች መጀመሪያ መንኮሻኮሽ ይጀምራሉ፤ ምክንያቱም ሲዲ የሚነበበው ከመሀል ወደ ጠርዝ ስለሆነ የመጨረሻው ዘፈን ለጠርዙ ይቀርባል። ብዙ ትናንሽ አሳታሚዎች ያሳትሙ የነበረው እዚያ ነው። በዚህ ላይ በኦገስት 2011 በለንደን ሁከት ጊዜ ኤንፊልድ የሚገኝ አንድ ትልቅ መጋዘን ተቃጥሎ ከ150 በላይ የነፃ አሳታሚዎች ክምችት አብሮ ወድሟል። አሮጌ ቅጂ እየተወደደ የመጣው በሰብሳቢ ስስት ብቻ አይደለም።

የሐይቅ ዳር አድማጭ (ሀዋሳ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «መሽ»ን፣ «ሀርትስ ኤንድ ክሮስስ»ን እና የኮርነርሾፕን የ1995 አልበም አውርጄ ሰማኋቸው። «መሽ» ላይ ሦስት ኮርድ እንዳሉት ጊታሮቹን ስከተል ቆይቼ፣ «ስፕሪንግታይም» የሚለው ዘፈን ላይ ስደርስ ድምፁንም ወደድኩት፤ ሻካራነቱ ዜማውን እንደማያበላሸው ገባኝ። የሄቨንሊው ዘፈን ግን ደግሜ ለመስማት አልደፈርኩም፤ ጥሩ ስላልሆነ አይደለም። ከኮርነርሾፕ አልበም የመክፈቻውን ዘፈን ከቤተሰቤ ጋር እራት ላይ ብከፍተው ማንም ይዘጋ አላለም፤ ይህ በእኛ ቤት ትልቅ ድጋፍ ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል። ዳብ ዋር የዌልስ ባንድ መሆናቸውን ሳነብ፣ በዚያ ዘመን በእንግሊዝኛ ሳይሆን በዌልስ ቋንቋ የዘፈኑ የኢንዲ ወይም የፐንክ ባንዶች ነበሩ ወይ ብዬ አሰብኩ። እዚህ በሲዳሙ አፎ የሚዘፍኑ ወጣቶች ጊታር እያነሡ ስለሆነ ባሰማቸው ደስ ይለኛል።

ሦስት ኮርድ (አዳማ)፦

ነበሩ፣ ጥሩ ጥሩዎችም ነበሩ። ዳትብለጊ ከሚባለው ይጀምሩ፤ የካርዲጋን ከተማ ልጆች ናቸው። በ1990 «ፒስት»ን፣ በ1993 «ሊበርቲኖ»ን አወጡ። ርካሽ የኤሌክትሮኒክስ ምትና ጊታር ላይ በ2021 ያረፈው ዴቪድ አር. ኤድዋርድስ እየተናገረ፣ እየተሳደበና እያለቀሰ ይዘፍናል። የሚሰድበው ደግሞ እንግሊዞችን ብቻ ሳይሆን በቋንቋቸው እየማሉ የተመቻቸ ኑሮ የሚኖሩትን የገዛ ወገኖቹንም ነበርና በሀገሩ ሁሉም አልወደደውም። ከዌልስ ውጭ ያስተዋወቃቸው በዋናነት የቢቢሲው ጆን ፒል ነበር፤ ቃሉን ሳይረዳ ደጋግሞ አጫውቷቸዋል፣ ለዝግጅቱም አስቀርጿቸዋል። ፒል በዓለም አገልግሎቱ ላይም የራሱ ዝግጅት ስለነበረው በአጭር ሞገድ የሚያዳምጡ ሰዎች እዚህም ሰምተውት ሊሆን ይችላል።

ለስለስ ያለ ከፈለጉ ጎርኪስ ዛይጎቲክ መንኪ በ1994 ያወጡት «ታታይ» አለ፤ ገና ልጆች ሳሉ የሠሩት፣ ቫዮሊንና ኦርጋን ያለበት፣ ቀልደኛ አልበም ነው። ለሲዳሙ አፎ ዘፋኞቹ ግን «ሊበርቲኖ»ን ያሰሟቸው፤ የቀረጻው ርካሽነት ራሱ «እኛም እንችላለን» ያሰኛል። ሁለቱም አልበሞች የታተሙት አንክስት በተባለው የዌልስ አሳታሚ ስለሆነ፣ ጋሼ እንደመከሩት በአሳታሚው ስም ቢፈልጉ ቀሪዎቹንም እዚያው ያገኟቸዋል።